የትምህርት ቤት መልእክት በዳምቦያና በአካባቢዋ

ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በከምባታ ዞን ውስጥ የምትገኘው ዳምቦያ፣ በዘውዱ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ መቀመጫው ሆሳዕና በነበረው የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ሥር ነበረች። በዚህ አካባቢ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሕዝቡ ጋር የተነጋገረበት ታሪክ በአመዛኙ የአንድ ወገን ንግግር ታሪክ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ወደ ሕዝቡ ቃል የሚልከው ልጅ፣ ጉልበት ወይም ገንዘብ ባስፈለገው ጊዜ ሲሆን፣ የተቀበለውን ምን እንዳደረገበት የመግለጽ ግዴታ ግን እጅግ ዘግይቶ የመጣ ነው።

በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በገጠር መሬት ላይ ሲጣል፣ ገቢው ለየአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንዲውልና የትምህርት ቦርዶች እንዲቆጣጠሩት ተደንግጎ ነበር። ግብሩን በሕግ የሚከፍለው ባለመሬቱ ይሁን እንጂ፣ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ዕዳው ብዙ ጊዜ ወደ ጭሰኛው፣ ማለትም የሌላውን መሬት እያረሰ ወደሚኖረው ገበሬ፣ ይተላለፍ ስለነበር፣ ስለ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ወሬ ከመምህር ሳይሆን ከግብር ሰብሳቢ የሰማው ገበሬ ጥቂት አይደለም። በሌላ በኩል የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽንም ሆኑ የካቶሊክ ሚስዮናውያን በከምባታና በሐዲያ የከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ከጸሎት ቤት ጋር የተያያዙ ስለነበሩ፣ ከእሑድ ጸሎት በኋላ የተሰበሰበውን ምእመን በቀላሉ ያገኙት ነበር።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲበራከቱ ዋናው መልእክተኛ ተማሪው ራሱ ሆነ። ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ርእሰ መምህሩ የሚናገረው ማስታወቂያ ማታ እቤት ይደርሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ የሚደርሰው ግን ልጁ ያስታወሰውን ያህል፣ አንዳንዴም እንዲደርስ የፈለገውን ያህል ብቻ ነው። ከሁሉ የጠነከረው መልእክት «ወላጅ አምጣ» የሚባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ ጥፋት የሠራ ወይም ከትምህርት ገበታው ደጋግሞ የቀረ ተማሪ አባቱን ወይም እናቱን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ከክፍል ውጭ ይቆይ ነበር። መልእክቱን የሚሸከመው ልጅ ተከሳሹም እሱው በሆነበት አሠራር፣ አንድ ጎረቤት ለምኖ በአጎት ስም ማቅረብ በመላ አገሪቱ የታወቀ የተማሪ ዘዴ መሆኑ አያስገርምም። የወሰነ ትምህርቱ ውጤት የሚሞላበት ካርድም ወላጅ ፈርሞበት ይመለስ ዘንድ በተማሪው እጅ ይላክ ነበርና፣ ማንበብ የማይችል ወላጅ የልጁን ደረጃ የሚያውቀው ከዚያው ከልጁ አፍ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሚከበረው የወላጆች ቀን ሕዝቡን ወደ ግቢው የሚያስገባ ቢሆንም፣ መዝሙርና ድራማ የሚቀርብበት፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ተማሪዎች የሚሸለሙበት በዓል እንጂ ሒሳብ የሚነገርበት ጉባኤ አልነበረም።

ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በጉልህ የታየው ከዳምቦያ ርቆ፣ በአዲስ አበባ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው «የትምህርት ዘርፍ ግምገማ» የተባለው ጥናት፣ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም ሕፃናት እንዲዳረስ የሚመክር ሆኖ ሳለ፣ ሰነዱ ለረዥም ጊዜ ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። ስለ ይዘቱ በጭምጭምታ የሰማው ወላጅ የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ የተዶለተ አድርጎ ተረዳው፤ መምህራንም የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፣ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። ጥናቱ ድክመት እንደነበረበት አያከራክርም፤ ሆኖም በግልጽ ቀርቦ ቢመከርበት ኖሮ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ የሚያስነሳበት ምክንያት አነስተኛ ይሆን ነበር።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የትምህርት ቤት ቃል በገበሬ ማኅበር በኩል ይደርስ ጀመር። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ሲካሄድ ከምባትኛና ሐዲይኛ ከእነዚህ መካከል ስለነበሩ፣ ጎልማሳው በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ማንበብ ቻለ። በ1976 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 260 ደግሞ ሕዝቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር በኮሚቴ አማካይነት እንዲሳተፍ ሕጋዊ መሠረት አስያዘ፤ ኮሚቴው ግን ከመጠየቅ ይልቅ መዋጮ በመሰብሰብ የበረታ ነበር።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ከምባትኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን የተጻፈው በላቲን ፊደላት ነው። በዚህም ምክንያት በዘመቻው ጊዜ ማንበብ የተማረ አባት፣ ልጁ ይዞለት የመጣውን በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ማንበብ የሚሳነው ሆነ፤ የለውጡ ተከራካሪዎች ስለ ድምፆች አጻጻፍ ብዙ ሲሉ፣ ስለዚህ አንባቢ ያሉት ጥቂት ነው።

የሒሳብ ግዴታ የመጣው ከገንዘብ ጋር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣውና በሽፋኑ ቀለም «ሰማያዊ መጽሐፍ» የሚባለው መመሪያ፣ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅና መምህራን ኅብረትን ሥልጣን ዘረዘረ፤ ኅብረቱ በኋላ ተማሪውንም ጨምሮ «ወተመህ»፣ ማለትም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ተባለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር በኩል በተማሪ ቁጥር ልክ የሚላከው የትምህርት ቤት ድጎማ፣ የተላከው ብርና የወጣበት ጉዳይ ለማኅበረሰቡ ይፋ እንዲሆን የሚያስገድድ ደንብ ይዞ ስለመጣ፣ ለክፍል ድልድልና ለፈተና ፕሮግራም ብቻ ያገለግል የነበረው የማስታወቂያ ሰሌዳ ገቢና ወጪ የሚነበብበት ሆነ።

የሚያነበው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ አካባቢ ይከብዳል። የከምባታና የሐዲያ ወንዶች ቀደም ሲል ወደ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ እርሻዎች፣ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህም እስከ ደቡብ አፍሪካ ለሥራ የሚሄዱ በመሆናቸው፣ የአባትን ፊርማ የሚጠይቀው ወረቀት የሚፈርመው አባት የራቀበት ቤት ብዙ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ከማዕከል በቀጥታ በተማሪው ስልክ ላይ የሚታይ ስለሆነ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ሆነ መምህሩ ከመንገዱ ወጥተዋል፤ ወላጁ «ልጄ ለምን ወደቀ?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው ግን አሁንም በቅርቡ ያለውን ርእሰ መምህር፣ በወተመህ ስብሰባ ላይ ነው።