ፈዝ የተወለደው ቤዝ ላይ ነው

ዛሬ ረዘም ያለ ነው፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት ጊንጪ መናኸሪያ አጠገብ አንድ የድሮ ተማሪዬ አገኘኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለኝ ነገር "ቲቸር፣ ቤዙን ልሸጠው ነው" የሚል ነበር። ምን ሆነህ ብለው ነገሩ እንዲህ ነው። ለወራት አጠራቅሞ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ የጊታር ዲስቶርሽን ፔዳል ይገዛል። እሁድ ዕለት መዝሙሩ መሃል ላይ በእግሩ ሲረግጠው የቤዙ ድምፅ ጠፋ። ከላይ ዝዝዝ የሚል ነገር ብቻ ቀረ። ታች ያለው ክብደት የለም። ከአገልግሎት በኋላ የቡድኑ ኃላፊ "ከአሁን በኋላ ቤዙን ኪቦርዱ ይሸፍነዋል" አለው። ልጁ የደመደመው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ "እጄ አይሆንም ማለት ነው።"

እጁ ምንም አልሆነም። ቆመን ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ግን ታክሲው ሞላና ሄደ። የቀረውን እጽፍልሃለሁ ብዬው ነበር፣ ይኸው።

ነገሩ የሚጀምረው ናሽቪል፣ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. 1960 መጨረሻ አካባቢ ማርቲ ሮቢንስ የሚባል የካንትሪ ዘፋኝ አንድ ዘፈን እየቀረጸ ነው። ግሬዲ ማርቲን የሚባለው ባለሙያ ባለ ስድስት ክር ቤዝ ጊታር ይዟል። የእሱ ድምፅ የሚያልፍበት የድምፅ መቀላቀያው መስመር ተበላሽቶ ስለነበር ቤዙ እንደ ተቀደደ ድምፅ ማጉያ እየተንተከተከ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደግመው ነበር። እነሱ እንዳለ ተዉት፣ ዘፈኑም በሚቀጥለው ዓመት በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ያንን ብልሽት ሆን ብሎ የሚያወጣ ትንሽ ዕቃ ከጓደኛው ጋር ሠራ። እሱን ጊብሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ማይስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አቀረበው። ሰው ግን ብዙም አልገዛውም። በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ "ሳቲስፋክሽን" ላይ ከተጠቀሙበት በኋላ ነው ያለው ሁሉ ከሱቅ ያለቀው።

አንድ ጊዜ ቆም በሉና እዩት። ለፈዝ ፔዳል መነሻ የሆነው ድምፅ የተሰማው ቤዝ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ጊታር ሄደ፣ ፔዳሎቹም ለጊታር ተብለው መሠራት ጀመሩ። የልጃችን ችግርም እዚህ ጋ ነው።

ለምን? የጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ አካባቢ ይርገበገባል። የቤዝ ወፍራሙ ክር ደግሞ ግማሹን፣ 41 አካባቢ። የጊታር ፔዳል ሠሪ ከ82 በታች ያለውን አይፈልገውም፣ ድምፁን ያጨቀየዋል ብሎ መግቢያው ላይ በትንሽ ካፓሲተር ይቆርጠዋል። ጊታር ብትሰኩበት ጥሩ ነው። ቤዝ ብትሰኩበት ግን ቤዝ የሚያሰኘውን ነገር በሩ ላይ አስቀርታችሁ ቅርፊቱን ታስገባላችሁ። ፊዚክስ ላይ የተኛችሁ ልጆች አሁን ቆጫችሁ አይደል?

መፍትሔውም ያረጀ ነው። በዚያው በ1965 ቢትልስ "ቲንክ ፎር ዩርሰልፍ" የሚለውን ሲቀርጹ ፖል ማካርትኒ ቤዙን ሁለት ጊዜ ተጫወተው፣ አንዱን ንጹሕ፣ አንዱን በፈዝ። ንጹሑ ታች ሆኖ ቤቱን ይሸከማል፣ ፈዙ ከላይ ይናገራል። ዛሬ ለቤዝ ተብለው የሚሠሩ ፔዳሎች ብዙዎቹ ይህንኑ በአንድ ቁልፍ ያደርጉታል። ብሌንድ ወይም ባላንስ ይባላል፣ ንጹሑን ድምፅና የተቀደደውን በፈለግኸው መጠን ትቀላቅላለህ። ልጄ፣ አንተ የገዛኸው ላይ ያ ቁልፍ የለም። ጥፋቱ ያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፣ ምክንያቱም ይህን የተንተከተከ ድምፅ እኛ ከናሽቪል አልተማርነውም። የዳዊት በገናን አስቡ። አሥር ጅማት አለው። በርኩማው ላይ ከእያንዳንዱ ጅማት ሥር ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ እንዚራ ትባላለች። ጅማቱ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ይነዝራል። ያ ሆድ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ የሚመጣው ከዚያች ቁራጭ ቆዳ ነው። እንዚራዋ ካለቦታዋ ከሆነች በገናው ዲዳ ነው፣ ደርዳሪውም እያንዳንዷን በእጁ እየነካካ ቦታዋን ያስይዛታል። ፈዝ ፔዳል የሚሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ለስላሳውን ሞገድ ይሰብርና ከላዩ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች እንዲወለዱ ያደርጋል። ጆሮ ደግሞ ብልጥ ነው፣ ቀጫጭኖቹን ሰምቶ ያልሰማውን ወፍራም ራሱ ይሞላዋል። ሚኒባስ ውስጥ ባለችው ትንሽ ስፒከር ቤዝ የሚሰማችሁ እኮ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ዘመን ደግሞ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ሲጀምር አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝ ጊታርም ኦርጋንም ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 በወጣው የኢትዮ ጃዝ ሸክላው ላይ ጊታሩ በዋዋ ፔዳል እንደ ሰው ሲያወራ ትሰማላችሁ። ዋዋ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለገበያ የወጣው በ1967 ነው፣ ማለትም እኛ ጋ ለመድረስ ሰባት ዓመት እንኳን አልፈጀበትም። ዛሬ አንድ ፔዳል ከአዲስ አበባ አምቦ እስኪደርስ የምንጠብቀውን ሳስብ ያስቀኛል።

ቤዙስ? እዚህ ጋ ነው ልጁ እንዲሰማልኝ የምፈልገው። ዋሊያስ ባንድ በ1977 ያወጣውን "ሙዚቃዊ ስልት" ክፈቱ። ግርማ በየነ የደረሰው ነው፣ ቤዙን የያዘው መላኩ ገብሬ ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያ ዜማ ቤዙን ብታወጡበት ይወድቃል። እኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፣ እስካሁን ቤዙ ላይ የተቀባ ምንም ነገር አልሰማሁበትም። ጣት፣ ክር፣ አምፕሊፋየር። የማሕሙድ አሕመድን "እረ መላ መላ" ስሙት፣ 1975፣ አይቤክስ ባንድ፣ ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ። ጊታሩ ላይ ሰላም ሥዩም አለ። ቤዙ እየዞረ እየዞረ ይሄዳል፣ አይጮህም፣ ግን ዘፈኑን ጎትቶ የሚወስደው እሱ ነው። ይኸው ቡድን በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ የሰማንያዎቹን ካሴት ግማሹን አጀበው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እነዚህ ሰዎች በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ታውጆ ክለቡ በር ዘግቶ እስኪነጋ የሚጫወቱ ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ፣ በየቀኑ። ድምፃቸው የተሠራው እዚያ ነው። ዋሊያሶች በሰማንያዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄደው ሲጫወቱ መላኩን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን እናውቀዋለን። ኪቦርድ መጣ። አንድ ሰው ከበሮውንም ቤዙንም ነፋሹንም በግራና በቀኝ እጁ ይዞ ሠርግ አጀበ። ርካሽ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትከፍሉት። እኔ አልፈርድም፣ የራሴም ሠርግ የታጀበው በኪቦርድ ነው። ግን በየከተማችን አንድ ትውልድ ቤዝ ጊታርን በዓይኑ ሳያይ አደገ። አምቦም ጊንጪም ቤዝ የያዘ ልጅ ሳይ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፣ "ኪቦርዱ ይሸፍነዋል" የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ሸፍኖት አይተነዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው የራሴ አስተያየት ነው። ጭክጭካ ላይ ፈዝ አይመከርም። ፈዝ ድምፁን ያስረዝመዋል፣ የጭክጭካ ውበት ደግሞ በአጫጭር ምቶቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ባዶው ከተሞላ ትከሻ አይንቀሳቀስም። ዘገምተኛ ትዝታ ላይ ግን፣ ትንሽ ብቻ፣ ሦስት አራተኛው ንጹሕ ሆኖ... በገናውን ትሰማዋለህ።

እንግዲህ ልጄ፣ ስለ ዕቃው። ዲስቶርሽኑን ለአንድ ጊታር ለሚጫወት ልጅ ሽጠው፣ ለእሱ ጥሩ ዕቃ ነው። ቤዙን እንዳትነካ። ከፔዳል መጀመሪያ የሚያስፈልግህ መቃኛ ነው፣ እሱም በስልክህ በነፃ አለ። ገንዘብ ስታገኝ ኮምፕረሰር ግዛ። ደካማውን ምት ከፍ፣ ኃይለኛውን ዝቅ አድርጎ ያስተካክልልሃል፣ ጀማሪ እጅ ላይ ልዩነቱ ይሰማል። ሰው "ምን ገዛህ?" ብሎ ባይጠይቅህም "ዛሬ ቤዙ ጥሩ ነበር" ይልሃል። ፈዝ ከፈለግህ በመጨረሻ፣ ቤዝ የሚል የተጻፈበትና የብሌንድ ቁልፍ ያለው።

ደግሞ በምንም ዓይነት የራውተር አዳፕተር እንዳትሰካበት! አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ነው፣ የሶኬቱ መሃል ኔጌቲቭ ነው። የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ሆኖ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ጫፉ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ጭስ። እኔ አንድ ፔዳል በዚህ አቃጥያለሁ፣ ዋጋውን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም (እዚህ ላይ እንደማታነብ ተስፋ አደርጋለሁ)። መብራት ሲጠፋም የሚሠራው ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ባትሪ ነው፣ መልቲሜትር ውስጥ ያለው ዓይነት። ስትጨርስ ገመዱን ከፔዳሉ መንቀልህን አትርሳ፣ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ያልቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ቤዙን ይዘህ ና፣ "ሙዚቃዊ ስልት"ን ቀስ ብለን እናወጣዋለን። ገመድ እኔ ጋ አለ።