የአርዌ አንድ ዓይን

የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርኩ የጨርቅ ሥዕሎችን ባየሁ ቁጥር ንግሥቲቱ ጋ ሳልደርስ ዘንዶው አርዌ ላይ እቆማለሁ። እንደኔ ቀለም በጥብጦ ለሚያድር ሰው የሠዓሊ አቅም የሚታየው እዚያ ነው። ሰሎሞንን ለመሣል ዙፋንና ዘውድ ይበቃል። ሕዝብ ፍየልና ልጃገረድ እየገበረለት 400 ዓመት ገዛ የሚባለውን ዘንዶ ግን ያየው የለም፤ ሠዓሊው ከልቡ ያወጣዋል።

ክብረ ነገሥት ውስጥ ይህ ዘንዶ የለም። በአፈ ታሪክ ግን ዘንዶውን የገደለው አገቦስ የንግሥቲቱ የማክዳ አባት ነው፤ ሠዓሊዎቹም የያዙት ይህንኑ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ፣ ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ፣ አዲስ አበባ ሌጋሲዮኖች ሲከፈቱባትና የውጭ ነጋዴ ሲበዛባት ለቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ የኖሩ እጆች አዲስ ገዢ አገኙ። ከጎጃም የመጡት በላቸው ይመር ስማቸው ከቀዳሚዎቹ ጋር ይነሣል። የቤተ ክርስቲያኑም ሥዕል ቢሆን ብዙ ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነበር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፤ ስለዚህ ጨርቁን ጠቅልሎ መሸጥ ለሠዓሊው እንግዳ ነገር አልሆነበትም። ታሪኩ በትናንሽ ሣጥኖች፣ ብዙውን ጊዜ በ44፣ ተከፋፍሎ በተርታ ይሄዳል። ታሪኩን የማያውቅ ገዢ እንዲከተለው ይመስለኛል።

ያስተማሩኝ መሪጌታ ዘንዶውን ከጅራቱ ነበር የሚጀምሩት። ሙጫ የጠጣው አቡጀዴ ሲደርቅ በከሰል እያጠማዘዙ፣ ሣጥኑን እየሞሉ ወደ አንገቱ ይመጣሉ። ቢጫ መደብ ይቀቡታል፤ ቢጫው ሲደርቅ ቅርፊቱን በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይደረድራሉ፤ ከሆዱ በኩል ሰፋ፣ ወደ ጅራቱ ጠበብ እያደረጉ። ቀጥሎ ጥቁሩ የዳር መስመር ይመጣል። ዓይኑ የመጨረሻ ነው።

«አንድ ብቻ ነው ልጄ፤ ሁለት ከሰጠኸው ከጻድቃን ደመርከው» ይሉኝ ነበር።

በሥዕላችን ወግ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ወደ ተመልካቹ ያዞራል፤ ይሁዳና የክርስቶስ ገራፊዎች በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። አርዌም ወጉን ከግድግዳው ይዞት መጣ። መጠኑ ግን ተለወጠ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ዘንዶው ከፈረሱ ኮቴ ሥር ተጣጥፎ ነው፤ ልጃገረዷ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ታያለች፤ ድሉ ገና ስናየው ያለቀ ነው። የሳባ ጨርቅ መጀመሪያ ላይ ግን አዳኝ የለም። መሪጌታ ሕዝቡን ከሣጥኑ ጥግ አሳንሰው፣ አውሬውን ሞልተው ይሥሉት ነበር፤ ትክክልም ነበሩ። ፍርሃት ካልታየ አገቦስ ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

አሁን ለቱሪስት በጥድፊያ ከሚሣሉት ያየኋቸው አንዳንዶቹ አርዌን በአንድ ሣጥን ይጨርሱታል። መርዙ ሲቀጠቀጥ፣ ፍየሏ መርዙን ስትጋት፣ ዘንዶው ሲውጣት የሚያሳዩት ሣጥኖች ተዘለዋል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። አገቦስ የገደለው በጦር አይደለም፤ በዘዴ ነው። እነዚያ ሣጥኖች ሲቀሩ ሰውየው እንዲሁ በድንገት ዘውድ ደፍቶ ይታያል።