የሜሶአሜሪካ ኮራል ሪፍ የጤና ምዘና

የሜሶአሜሪካ ኮራል ሪፍ ከሜክሲኮው የዩካታን ባሕረ ገብ ምድር ተነሥቶ፣ በቤሊዝና በጓቲማላ አልፎ እስከ ሆንዱራስ ደሴቶች 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ከኮራሉ በስተጀርባ የባሕር ሣርና ሥሩ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የተተከለ የማንግሮቭ ደን አለ። ብዙ የዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉት እዚያ ስለሆነ የአንዱ ጉዳት ለሌላውም ይተርፋል።

የሪፉ ጤና በአራት መለኪያዎች ይመዘናል፦ በሕያው ኮራል ሽፋን፣ በአልጌ ብዛት፣ አልጌ በሚበሉ ዓሦችና ለገበያ በሚጠመዱ ዓሦች። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ያገኛል።

ለምዘናው አንዲት ጠላቂ ባለ 10 ሜትር መለኪያ ገመድ የባሕሩ ወለል ላይ ትዘረጋለች፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ከሥሩ ያለውን ትመዘግባለች፦ ኮራል፣ አልጌ፣ አሸዋ። ዓሣ ቆጣሪው ደግሞ የእያንዳንዱን ርዝመት በዓይኑ ይገምታል፤ ክብደቱ የሚሰላው ከርዝመቱ ነውና።

አልጌ በመለኪያዎቹ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ ማግኘቱ ተገቢ ነው። በ1983 እና 1984 እ.ኤ.አ. በሽታ የካሪቢያንን ባለ ረጅም እሾህ የባሕር ጃርቶች ሲጨርስ፣ ግጦሹ ቀርቶ አልጌ ኮራሉን ወረሰው። ቤሊዝ በ2009 አልጌ ፋቂውን የበቀቀን ዓሣ ማጥመድ የከለከለችው ለዚሁ ነው።

አማካይ ነጥብ ብቻውን ግን ያዘናጋል፤ ዓሣው ሲያገግም የኮራሉን ሞት ሊሸፍን ይችላል። መልካም ዜናም እንዲሁ ሊያዘናጋ ይችላል፦ የቤሊዝ ሪፍ ከዩኔስኮ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ በወጣበት በ2018፣ የድንጋያማ ኮራሎችን ሥጋ የሚያረግፈው በሽታ ሜክሲኮ ገባ። በዓመቱ ቤሊዝ ደረሰ።