የቫልፓራይሶ የግድግዳ ሥዕሎች አመጣጥ

በቺሊ የባሕር ጠረፍ የምትገኘው የወደብ ከተማ ቫልፓራይሶ ዛሬ ስሟ የሚነሣው በአብዛኛው ከግድግዳ ሥዕሎቿ ጋር ነው። ከወደቡ ሜዳ ተነሥቶ ረጃጅሞቹን ደረጃዎች በእግሩ የሚወጣ መንገደኛ በመደገፊያ ግንቡ፣ በደረጃው እርከን ፊት፣ የጭቃ ቤቶችን ከዝናብና ከባሕር ነፋስ ለመከላከል በተለበጠው ቆርቆሮ ላይ ሳይቀር ሥዕል ያገኛል። ይህ ሁሉ ለጎብኚ ተብሎ የተዘጋጀ ቢመስልም፣ አሣሣሉ የተወለደው በ1960ዎቹ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የምርጫ ፉክክር ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን ታላላቆቹ ጋዜጦች በባለሀብቶች እጅ ስለ ነበሩ፣ የግራ ፓርቲዎች መልእክታቸውን በርካሽ የሚያሰራጩበት ቦታ የመንገድ ዳር ግንብ ሆነ። በ1964ቱ ምርጫ የሳልቫዶር አዬንዴ ደጋፊዎች የእጩውን ስም ከመጻፍ አልፈው ሥዕል መጨመር ጀመሩ፤ በ1968 ደግሞ የኮሙኒስት ፓርቲው የወጣቶች ክንፍ «ራሞና ፓራ ብርጌድ» የተባለውን የሠዓሊዎች ጓድ አቋቋመ። ስያሜው በ1946 ሳንቲያጎ ውስጥ በተደረገ ሰላማዊ ሰልፍ ላይ የተገደለች ወጣት ኮሙኒስት መታሰቢያ ነው።

የብርጌዱ አሠራር በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም በኋላ «የቺሊ ስልት» ተብሎ የተደነቀው መልክ ከውበት ፍልስፍና ይልቅ ከጊዜ እጥረት የመጣ ነበርና። ሥራው ያለ ፈቃድ፣ ብዙውን ጊዜም በሌሊት ስለሚካሄድ፣ ፖሊስ ወይም የተቀናቃኝ ወገን ጎረምሶች ሳይደርሱ መጠናቀቅ ነበረበት፤ በመሆኑም አባላቱ ተግባር ተከፋፍለው ይሰለፉ ነበር። አንዱ የፊደሉንና የምስሉን ንድፍ በፍጥነት ያሰምራል፤ ሁለተኛው መደቡን ይቀባል፤ ሦስተኛው በንድፉ ውስጥ ቀለም ይሞላል፤ የመጨረሻው ደግሞ ዳር ዳሩን በወፍራም ጥቁር መስመር እየከበበ የተንጠባጠበውንና ከመስመር የወጣውን ሁሉ ይሸፍናል። ጥላና ብርሃን ለማዋሐድ ፋታ ስለማይገኝ ቀለሙ ወጥ ሆኖ ይቀራል፤ እርግብ፣ ኮከብ፣ የተጨበጠ እጅና የስንዴ ዛላም ማንም አባል በቃሉ ሊሥላቸው ስለሚችል ደጋግመው ይመጣሉ። በዚህ ረገድ ቡድኑ ከሜክሲኮ የግድግዳ ሠዓሊዎች በእጅጉ ይለያል፤ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ በ1941 እና በ1942 በቺያን ከተማ የሠራው ሥዕል የትምህርት ቤት ጣሪያ ሥር፣ በመንግሥታት ድጋፍ፣ በረጅም ጊዜ የተከናወነ ነበር።

አዬንዴ በ1970 ካሸነፈ በኋላ የሌሊቱ ሥራ ወደ ቀን ወጣ፤ ስመ ጥሩው ሠዓሊ ሮቤርቶ ማታም በ1971 በሳንቲያጎ የላ ግራንሃ ቀበሌ ከብርጌዱ ወጣቶች ጋር የመዋኛ ገንዳ ግድግዳ ላይ ሠራ። መስከረም 11 ቀን 1973 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ግን ግድግዳዎቹን ማንጣት ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ሆነ። የማታ ሥዕል ከ10 በላይ በሆኑ የቀለም ድርቦች ሥር ተቀበረ፤ ባለሙያዎች ድርቡን እየፋቁ መልሰው ያወጡትም በ2000ዎቹ ነው። የቀባዮቹ ትጋት ሳያስቡት ጠቅሟል ማለት ይቻላል፤ ያልተሸፈነ ሥዕል ይህን ያህል ዘመን በፀሐይ ላይ ባልቆየ ነበር።

በቫልፓራይሶ ከዚህ ጎን ለጎን የሄደ ሌላ ጅረት ነበር። ከ1969 እስከ 1973 ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ሜንዴስ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኮረብቶቹ እያወጣ፣ መፈክር የሌለበት ሥዕል በየግንቡ ያሠራ ነበር። ይኸው ሐሳብ ወታደራዊው አገዛዝ ካበቃ በኋላ በ1992 በቤያቪስታ ኮረብታ ላይ 20 ሥዕሎች ያሉት «የሰማይ ሥር ሙዚየም» ሆኖ ተመለሰ፤ ማታ፣ ኔሜሲዮ አንቱኔስና ሌሎች ታዋቂ ሠዓሊዎችም ንድፍ ሰጡ። የከተማዋ ታሪካዊ ክፍል በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የሆቴልና የቡና ቤት ባለቤቶች ሠዓሊ ይቀጥራሉ። የዛሬው ተቀጣሪ ሠዓሊ መሰላልም፣ ፈቃድም፣ በቂ ቀንም አለው፤ በብዙዎቹ ሥራዎች ላይ ግን ያ ወፍራም ጥቁር መስመር አሁንም አልቀረም።