የበላችውን የጻፈች ሴት

ኑማ ቀረብ በሉ! ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት፤ ሱቁም እስኪከፈት ጊዜ አለ። የከዚራ ሰፈራችን ዛፍ ጥላ ለሁላችንም ይበቃል። ዛሬ የማወጋችሁ ሴት አገሯ ውቅያኖስ ማዶ ነው። ወሬዋን ከሰማሁ ወዲህ ግን ለድሬዳዋ ልጅ ሳልነግር መቅረቱ ዕዳ ሆኖብኛል።

ስሟ ማሪሊን ሃገርቲ ነው። በዕድሜ አያታችን ትሆናለች፤ እኔ ግን እንደ ድሬ ልማድ አንቱታውን ትቼ አወራላችኋለሁ። ይህ የቅርበት አነጋገር መሆኑን እናንተ ታውቁታላችሁ። ግንቦት 22 ቀን 1918 በአሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ፒየር በምትባል ከተማ ተወለደች። መስከረም 6 ቀን 2018፣ የእኛ የአዲስ ዓመት አደይ ገና ሳይጠወልግ፣ ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ግራንድ ፎርክስ በምትባል ከተማ አረፈች። 99 ዓመት ኖረች ማለት ነው። ሥራዋ ጋዜጠኝነት ነበር፤ ዘጠናን ካለፈች በኋላም ብዕሯን አልጣለችም። ባሏ የከተማው ጋዜጣ የ“ግራንድ ፎርክስ ሄራልድ” ዋና አዘጋጅ ነበር፤ እሷም እዚያው ጋዜጣ ላይ የከተማውን ምግብ ቤቶች እየዞረች፣ እየበላች፣ የበላችውን ትጽፍ ነበር።

ግራንድ ፎርክስ ሰፊ ከተማ እንዳትመስላችሁ። 60 ሺህ ሰው አይሞላባትም። እኛ በ1999ኙ ቆጠራ እንኳ ከተማው ውስጥ ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ነበርን። ክረምቷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ነው፤ እሱን ለእነሱ እንተውላቸው። በአንድ ነገር ግን እንገናኛለን፤ በወንዝ። እኛ ደቻቱ አለን፤ እነሱ ቀዩ ወንዝ የሚሉት አላቸው። ሚያዝያ 1989 ያ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ዋጣት። ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤቱን ጥሎ ወጣ። ጎርፉ ሳይጎድል ደግሞ መሀል ከተማው ላይ እሳት ተነሳ፤ የሄራልድም ሕንፃ አብሮ ነደደ። ጋዜጣው ግን አንድ ቀን ሳያስታጉል ሌላ ከተማ እየታተመ ለተበተነው ሕዝብ ደረሰ። በዓመቱ ፑሊትዘር የሚባለው ታላቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት የተሰጠው ለዚህ ነው።

ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ያደረሰብንን ላውራላችሁ አልልም። ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ለሞቱት አልቅሰናል፤ እስከ ዛሬም ክረምት ሲገባ እናስባቸዋለን። ግን እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከዚያ ሌሊት በፊት በወንዙ ዳር ማለዳ ፉል የሚቀቅሉት፣ ሻይ የሚያፈሉት፣ ማታ ማታ ሳምቡሳ የሚጠብሱት እነማን ነበሩ? የማንኛዋ ፉል ነበር ሰው የሚሰለፍለት? በስንት ሳንቲም? ይህ የት ተጽፏል? የማሪሊን ነገር የያዘኝ እዚህ ላይ ነው።

ወደ እሷ ልመለስ። የካቲት 28 ቀን 2004 አንድ ጽሑፍ አወጣች። በከተማዋ “ኦሊቭ ጋርደን” የሚባል ምግብ ቤት ተከፍቶ ነበር፤ በመላው አሜሪካ ቅርንጫፍ ያለው፣ የጣልያን ምግብ የሚሸጥ ቤት ነው። ለአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ሰው ተራ ነገር ነው፤ ለግራንድ ፎርክስ ግን ብዙ የተጠበቀ እንግዳ ነበር። እንደተከፈተ ሰልፉ ረጅም ሆነ። ማሪሊን አልተጋፋችም፤ ግርግሩ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቃ ገባች። ወጥ ቤቱ አጠገብ ተቀመጠች። አስተናጋጆቹን አየች፤ ነጭ ሸሚዛቸውን፣ ክራቫታቸውን፣ ሽርጣቸውን ሳይቀር ጻፈችው። ምን ይሻለኛል ብላ አስተናጋጇን ጠየቀቻት፤ የዶሮ አልፍሬዶ፣ ማለትም ፓስታ በዶሮና በክሬም፣ አለቻት። እሺ አለች። ከእንጆሪ የተሠራ ሎሚናት ላምጣልሽ ስትላት ግን ውኃ ይበቃኛል አለች። ሰላጣው መጣ፤ ጥቁር ወይራ ፍሬ እንዳለበት ጻፈች። ሁለት ረዣዥም ትኩስ ዳቦ መጣ። ፓስታው 10 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር፤ በብርድ ቀን ሆድ የሚያሞቅ፣ መጠኑም የማያሳፍር መሆኑን ተናገረች። መጨረሻ ላይ ቤቱ በግራንድ ፎርክስ ካሉት ሁሉ ትልቁና ውቡ ነው ብላ ደመደመች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጽሑፉ በኢንተርኔት አሜሪካን ዞረ። የትልልቅ ከተማ ሰዎች ሳቁባት። ይህን ተራ ቤት እንዲህ አክብሮ የሚጽፍ ሰው አለ እንዴ አሉ። ስልኳ አላርፍ አለ፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፈለጓት። እሷ የካርታ ጨዋታ ቀጠሮ ነበራት። ስለ እኔ የሚባለውን ተቀምጬ የማነብበት ጊዜ የለኝም ብላ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። የ85 ዓመት ሴት ነበረች እኮ!

አሁን ደግሞ ስሙልኝ። አንቶኒ ቦርዴን የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ዓለምን እየዞረ እየበላ ፊልም ያሠራ የነበረው፣ በ2010 የሞተው። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ይዞት መጥቶ የእኛንም አገር ምግብ የቀመሰ ሰው ነው። ምላሱ ስለታም ነበር፤ ለማንም የማይራራ። እሱም መጀመሪያ ከሚያሾፉት ወገን ነበር፤ ይህንንም በራሱ አፍ ተናግሯል። ከዚያ ግን ጽሑፎቿን አነበበ፤ ሐሳቡ ተለወጠ። በ2005 የ128 ምግብ ቤት ጽሑፎቿን በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አሳተመላት፤ መግቢያውንም ራሱ ጻፈ። ያ ሰው መጽሐፉ ውስጥ ያየው ታሪክ ነበር። ቤቶቹ ሲከፈቱ፣ ባለቤት ሲቀይሩ፣ ሲዘጉ፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚበሉበት፣ ሃምበርገር ቤቱ፣ ትንሹ ካፌ፤ የአንድ ተራ ከተማ ኑሮ ከነዋጋው ተቀምጧል። ከእሷ በቀር ይህን የሚያስቀምጥ አልነበረም።

ልጇ ጋዜጠኛ ነው፤ የእናቱን አጻጻፍ ምስጢር አንድ ጊዜ ገልጦታል። እናቴ ከምግቡ ይልቅ ስለ ቤቱ ማስጌጫ አብዝታ ከጻፈች ሌላ ቤት ብትበሉ ይሻላችኋል አለ። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰው አላዋረደችም፤ አንባቢዋንም አላታለለችም። ግራንድ ፎርክስ ውስጥ ያለች አንዲት ወጥ ሠሪ ጠዋት ጋዜጣ ገልጣ ስሟ ሲጠፋ ብታይ፣ ከሰዓት በኋላ ከማሪሊን ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ ትገናኛለች። በትንሽ ከተማ የሚጻፍ ነገር እንዲህ ነው፤ የሚጻፍበት ሰው ፊት አለው። አንዳንዱ ያልተሳደበ ሐያሲ እውነት የተናገረ አይመስለውም። እኔ አልቀበለውም። መጠኑን፣ ዋጋውን፣ መሞቅ መቀዝቀዙን፣ የአስተናጋጇን ጠባይ በትክክል የነገረ ሰው ነግሮኛል፤ ፍርዱን እኔ ራሴ እሰጣለሁ።

እንግዲህ ወደ ድሬ ልምጣ። የእኛ ከተማ እኮ ከነጭራሹ በመንገደኛ ሆድ የተቆረቆረች ናት! ባቡሩ ሐረር ሊወጣ ነበር ዕቅዱ፤ ተራራው እምቢ አለው። በ1895 ከተራራው ሥር ቆመ፣ ድሬም ተወለደች። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣልያኑ፣ የየመን ዐረቡ፣ ሕንዱ መጣ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው ተቀበለው። ሁሉም ድስቱን ይዞ ነው የመጣው። ለዚህ ነው ከከዚራ ተነስታችሁ ደቻቱን ተሻግራችሁ መጋላ እስክትደርሱ ፓስታ፣ ሽሮ፣ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ሳምቡሳ፣ ባጂያ፣ ሐላዋ የምታገኙት። ከፊራ ገበያ ገብታችሁ ከቅስት በሩ ሥር ዘይቱንና ጊሽጣ ገዝታችሁ ትወጣላችሁ።

ፈቲራ ሲሠራ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ሠሪው በዘይት የራሰውን ሊጥ ድብልብል ከጠረጴዛው ላይ ያነሳና በመዳፉ ጠፍጠፍ ያደርገዋል። ከዚያ ጫፉን ይዞ እያወናጨፈ ይዘረጋዋል፤ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ አሳልፎ እስኪታይ ድረስ ይሳሳል፤ አይቀደድም። በጋለው ብረት ምጣድ ላይ ያነጥፈዋል፣ እንቁላል ያፈስበታል፣ አራቱን ጠርዝ ወደ መሀል ያጥፋል፣ ይገለብጠዋል። ቡናማ ሲሆን በመገልበጫው ጠርዝ ቸክ ቸክ አድርጎ ይቆራርጠውና ማር ያንጠባጥብበታል። ይህን እጅ ለማስለመድ ስንት ዓመት ይፈጃል? ከማን ተማረው? ያስተማረውስ ከማን?

ጥቅምት 2015 ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ሲያርፍ ድሬ ወጥታ ልጇን ቀበረች። ይገባዋል። ድምፁ ደግሞ በካሴት፣ በሲዲ፣ በስልካችን ውስጥ አለ፤ ልጆቻችን ይሰሙታል። የምግብ ባለሙያ ግን ሲሞት የሚቀር ካሴት የለውም። ጣዕሙ የሚተርፈው በቀመሰው ሰው ቃል ብቻ ነው። የቀመሰው ሰው ካልጻፈ፣ ከአርባው በኋላ ልጆቹ “እናታችን ፉል ጎበዝ ነበረች” ይላሉ፤ የልጅ ልጆቹ ይህንንም አያውቁም።

የሎስ አንጀለሱን ጆናታን ጎልድን ደግሞ ላንሳላችሁ። በምግብ ሐያሲነት ፑሊትዘርን ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ በ2010 ሞተ። እሱ የስደተኛውን ትንንሽ ቤት እየፈለገ ነው የጻፈው። በዚያ ከተማ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት የከፈተችውን የገነት አጎናፍርን የዶሮ ወጥ አሜሪካኖች የወደዱበት አንዱ ምክንያት እሱ ስለጻፈላት ነው። የእኛን ዶሮ ወጥ ባዕድ ጻፈልን። እኛስ የራሳችንን ለማን ነው የምንተወው?

ስለዚህ የምላችሁ ይህ ነው። ድሬ ውስጥ ማይክራፎን የያዝክ፣ ካሜራ የያዝሽ፣ ለሬዲዮም ለመጽሔትም የምትሠሩ፣ በሳምንት አንድ አምድ ለምግብ ቤቶቻችን ስጡ። በትልቁ ሆቴል አትጀምሩ፤ እሱ ማስታወቂያ አያጣም። በፉል ቤቷ፣ በቁጢና በሻይ ሻጯ፣ በፈቲራው ሠሪ ጀምሩ። ከፍላችሁ ብሉ፤ በነጻ የበላ አፍ እውነት ለመናገር ይከብደዋል። ንጽሕናውም ከጎደለ በጨዋ ቋንቋ ተናገሩት። ጋዜጠኛ ያልሆናችሁትም ዛሬ ማታ ሳምቡሳ ስትገዙ ሴትዮዋን ስሟን ጠይቋት፤ ሙያውን ከማን እንደወረሰች ጠይቋት። ከፈቀደችላችሁ ስሟን፣ ዋጋውንና ቀኑን በደብተር ላይ አስፍሩት።