ከሽሮ ጋር የተሻገርነው ድንበር

ሞያሌ በአንድ ስም በሁለት አገር የተቀመጠች ከተማ ናት። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ብዙዎቻችን በዚህች በር ወጥተን ወልዳ የስደተኞች ሰፈር ገባን። ከቋጠርነው ስንቅ ሁሉ ሳይበላሽ የቆየልን ሽሮና በርበሬው ነበር።

ጤፍ ግን ከየት ይምጣ? እናቶቻችን የበቆሎና የስንዴ ዱቄት አቡክተው፣ አብሲት ጥለው ጋገሩ። እንጀራው ከምጣዱ ሲነሳ ይቆራረስ ነበር፤ እኛም ሰብስበን ፍርፍር አድርገን በላነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል ይኸው ብልሃት እንደገና አገለገለን። ሱኩማ ዊኪንም በሽንኩርትና በቃሪያ አብስለን ጎመን አልነው። ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ ኪስ ሲሳሳ ትርጉሙ ይገባል!

ወደ ዳበል የዘለቁት ቤተሰቦቻችን ያጋጠማቸው ሌላ ነው። አገሩ የከብትና የግመል አገር ስለሆነ እንግዳ የሚከበረው በወተት ነው። ረቡዕና ዓርብ «ጾም ነው» ብሎ ወተት መመለስ ጎረቤትን መናቅ መሰለ። አንዲት እናታችን ወተቱን እጅ ነስታ ተቀብላ ለሕፃናቷ አጠጣች፤ ለጎረቤቷም ሽሮ በሳህን ላከች። ሳህኑ ስኳር ተሞልቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ የሽሮ ቀን መሆኑን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አወቁ።