መፀው

አደይ አበባ የሚፈካበትን ወቅት ብዙዎቻችን «ፀደይ» እንላለን። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት ስሙ መፀው ነው። የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፣ እስከ ኅዳር 5፣ ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። «ጽጌ» በግእዝ አበባ ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት የሚታሰበው የእመቤታችንና የልጇ ስደት ወደ ግብፅ ነው፤ ምድር ባጌጠችበት ወር በበረሃ የተንከራተተች እናት መታሰቧ ሁሌም ልቤን ይነካዋል። በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው በዘጌ ደግሞ፣ በጻድቁ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን በሬ ተጠምዶ አይታረስምና፣ በዚህ የመከር ወቅት ዓይን የሚያርፈው በነዶ ላይ ሳይሆን በገዳማቱ ዙሪያ ባለው የቡና ጫካ ላይ ነው። በዘመነ ጽጌ፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ የሚባለው የሌሊት ዝማሬ ይቆማል። እባካችሁ፣ ወቅቱን በስሙ ጥሩት፦ መፀው።